ለጨው የኖረ ሰው፦ የሞሼ ኖቮሜይስኪ ታሪክ

ውድ የመርከዝ ክሊታችን ወገኖች፣

ይህን የምጽፈው ተምሬያለሁ ብዬ አይደለም። የእኔ ትምህርት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ እሱም ቢሆን የከብት ጥበቃው ሲፈቅድልኝ ብቻ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። በኡልፓን ሞራችን ለያንዳንዳችን የቤት ሥራ ሰጠችን። (አስተማሪያችንን «ሞራ» ስንላት መጀመሪያ ሰሞን እንዴት እንስቅ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እኛ አገር ሞራ የበሬው ነዋ!) ሥራው በዚህ በኔጌቭ ምድር ትልቅ ነገር ሠርቶ ያለፈ አንድ ሰው መርጦ ሕይወቱን በክፍል መተረክ ነው። ብዙዎቻችሁ ቤንጉሪዮንን መረጣችሁ። እኔ የጨውን ሰው መረጥኩ። በዕብራይስጥ ስተርክ ግማሹ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ስለዚህ በአማርኛ ሙሉውን ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ለምን እሱን መረጥክ ብትሉኝ፣ ምክንያቱ ልጄ ነው። ልጄ ኪታ ዩድ ነው፤ ዐሥረኛ ክፍል ማለት ነው። ባለፈው በኪምያ ፈተና ወድቆ መጣ። ኪምያ ኬሚስትሪ ነው። ወረቀቱን አጣጥፎ ቦርሳው ሥር ደብቆት ኖሮ እናቱ አገኘችው። ብጠይቀው፣ የሌሎቹ ልጆች ወላጆች ቤት ውስጥ እንደሚያስረዷቸው፣ እሱ ግን የሚጠይቀው ሰው እንደሌለው፣ ስለዚህ ኪምያውን ትቶ ወደ ቀላሉ ትምህርት እንደሚሄድ ነገረኝ። አልተቆጣም፤ አንገቱን ደፍቶ በአክብሮት ነው የነገረኝ። ግን ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ቃል ከስድብ ይብሳል። እሱ ሳይወለድ ጀምሮ ጎንደር ከተማ ተቀምጬ ፈቃድ ስጠብቅ፣ ድንጋይ ስሸከም፣ ጭቃ ሳቦካ፣ ሁሉን የቻልኩት ለልጆቼ ትምህርት ብዬ ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነሥቼ ደብተሩን ገለጥኩት። ጽሕፈቱ ለእኔ ገና ነው፤ ሥዕሉን ግን አየሁ። አንድ ክብ፣ ሌላ ክብ፣ በመሃላቸው ቀስት። ጧት ልጄን ይህ ምንድን ነው አልኩት። ጨው ነው አለኝ። ጨው! እንግዲህ ጨውንስ አውቃለሁ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ከገበያ አሞሌ ጨው ይዞ ሲመጣ ከብቶቹ ገና ከሩቅ ሸትቷቸው ይሮጡ ነበር። ያ አሞሌ ከአፋር ምድር፣ ከዳሎል አካባቢ በመጥረቢያ ተጠርቦ፣ በግመል ወደ መቀሌ ወጥቶ፣ ከዚያ ነው በየገበያው የሚበተነው። በአያቶቻችን ዘመንማ ገንዘብ ነበር፤ በአሞሌ በግ ይገዛበት ነበር። እና ስለ ጨው የሚያውቅ አባት የለኝም ሊለኝ አይችልም ብዬ ልቤን አጠናከርኩ። ሞራዬን ሄጄ የጨው ሰው አለ ወይ ብላት፣ የኖቮሜይስኪን ስም ነገረችኝ። ከብዙ ዓመት በፊት የገባ አንድ ዘመዴም እዚያ ፋብሪካ ሲሠራ ኖሯልና የቀረውን እሱ ሞላልኝ።

ሞሼ ኖቮሜይስኪ በ1873 በሩሲያ ግዛት፣ በሳይቤሪያ፣ ከባይካል ሐይቅ በስተምሥራቅ ባርጉዚን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ሳይቤሪያ የሩሲያ ነገሥታት የጠሉትን ሰው ሁሉ የሚያግዙበት ብርዳም አገር ነው። እዚያ ከይሁዲ ቤተሰብ የተወለደው ይህ ልጅ አድጎ ጀርመን አገር ሄደና የማዕድን ምሕንድስና ተማረ። ተምሮም ወደ ሳይቤሪያ ተመልሶ በማዕድን ሥራ ላይ ተሠማራ። በዚያ አገር ጨዋማ ሐይቆች አሉ። ጨው ከውኃ እንዴት እንደሚወጣ በዓይኑ እያየ፣ በእጁ እየሠራ ነው የጎለመሰው።

ከ1900 ጥቂት ዓመታት በኋላ ኦቶ ዋርቡርግ ከሚባል የዕፅዋት ምሁርና የጽዮናውያን መሪ ጋር ተገናኘ። በእርሱ በኩል የሙት ባሕር ውኃ ምርመራ ውጤት እጁ ገባ። የሙት ባሕር ማለት እኛ በጢዩል ሄደን ተንሳፍፈን የሳቅንበት ያም ሐመላሕ ነው። ኖቮሜይስኪ ወረቀቱን ሲያይ ሌላው ሰው ያላየውን አየ። ውኃው ከሳይቤሪያ ሐይቆች ጋር ይመሳሰላል። እዚያ ብርድ የሚሠራውን እዚህ ፀሐይ ትሠራዋለች ብሎ አሰበ።

በ1911፣ ይህ አገር ገና በቱርክ መንግሥት ሥር ሳለ፣ ራሱ መጥቶ አየው። ውኃውን ቀዳ፣ ሙቀቱን ለካ፣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚተን መረመረ። ዝናቡ ትንሽ፣ ፀሐዩ ብርቱ፣ ውኃው ወፍራም። ሥራው እንደሚሆን ያን ጊዜ ገባው። ግን ወዲያው የዓለም ጦርነት መጣ፣ በሩሲያም አብዮት ሆነ። ጠቅልሎ ወደዚህ አገር የገባው በ1920 ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው 46 ዓመት ነበር። እኔ ስገባ ከነበረኝ ዕድሜ እምብዛም አይርቅም። እዚህ ላይ ስደርስ ልጄን አየት አደረግሁት።

አሁን ጨውየውን ለማስረዳት ትንሽ ከታሪኩ ልውጣ። ልጄ ለእኔ እንዳስረዳኝ፣ እኔም በእኛ ቋንቋ እንደተረዳሁት ነው የምነግራችሁ።

ማናቸውም ነገር አቶም ከሚባሉ በዓይን ከማይታዩ ደቃቅ ነገሮች የተሠራ ነው። በአቶሙ ዙሪያ ከዚያ የባሱ ደቃቆች፣ ኤሌክትሮን የሚባሉ፣ በረድፍ በረድፍ አሉ። የውጪኛው ረድፍ ከሞላ አቶሙ ያርፋል። ካልሞላ ዕረፍት የለውም፤ ከሌላው ጋር ካልተያያዘ አይቀመጥም። ለብዙዎቹ ሙሉ ማለት ስምንት ነው። ሶዲየም፣ በዕብራይስጥ ናትራን የሚሉት፣ በውጪኛው ረድፉ አንዲት ኤሌክትሮን ብቻ አለችው። ክሎሪን ደግሞ፣ ክሎር የሚሉት፣ ሰባት አለውና አንዲት ትጎድለዋለች። ሲገናኙ ሶዲየም ያችን አንዲቷን አውጥቶ ለክሎሪን ይሰጣል። በዚህ ጊዜ ሰጪው ፕላስ፣ ተቀባዩ ማይነስ ይሆናል። ፕላስና ማይነስ ደግሞ ይሳሳባሉ፤ አይላቀቁም። እንደዚህ ሆነው በረድፍ በረድፍ፣ አንዱ ፕላስ አንዱ ማይነስ እየሆኑ ሲደራረቡ የጨው ፍሬ ይሆናሉ። ይህ አዮናዊ ትስስር ይባላል።

የሚገርማችሁ፣ ሶዲየም ለብቻው ሲሆን በቢላ የሚቆረጥ ለስላሳ ብረት ነው፤ ውኃ ከነካው በእሳት ይፈነዳል። ክሎሪን ለብቻው መርዘኛ ጋዝ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ጨርሶበታል። ሁለቱ ክፉዎች ሲጋቡ ግን ወጥ የሚጣፍጥበት ጨው ይወለዳል። ኬሚካዊ ለውጥ ማለት ይህ ነው፤ የገባው ሌላ፣ የወጣው ሌላ።

ሁለተኛ ዓይነት ትስስር ደግሞ አለ። ይህን ልጄ ሦስት ጊዜ አስረድቶኝ አልገባኝም ነበር። በኋላ ይህማ መቀናጆ ነው አልኩት! አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ማረስ አይችልም። ጎረቤቱም አንድ በሬ ብቻ አለው። ታዲያ ሁለቱ በሬያቸውን አቀናጅተው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። በሬውን ማንም ለማንም አልሰጠም፤ ጥንዱ ግን የሁለቱም ነው። አንዳንድ አቶሞችም እንዲሁ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ኤሌክትሮን ያዋጡና ጥንዱን በጋራ ይይዙታል። ውኃ እንደዚህ ነው። አንድ ኦክስጅን ከሁለት ሃይድሮጅን ጋር መቀናጆ ገብቷል። ልጄ ይህን ስነግረው በመጀመሪያ ሳቀብኝ፤ ቀጥሎ ዝም ብሎ አሰበ፤ ከዚያ ደብተሩ ላይ ሁለት በሬ ሣለ።

ጨው ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። በውኃ መቀናጆ ውስጥ ኦክስጅን ጉልበተኛ ነውና ጥንዱን ወደ ራሱ ሳብ ያደርጋል። ስለዚህ የውኃው አንድ ጎን ትንሽ ማይነስ፣ ሌላው ጎን ትንሽ ፕላስ ይሆናል። ውኃው በዚህ ጎኑ ሶዲየሙን፣ በዚያ ጎኑ ክሎሪኑን እየጎተተ ከድርድሩ ይነጥላቸዋል። ጨው ሟሟ እንጂ አልሞተም። ውኃው ከተነነ ተመልሰው ይያያዛሉ።

የኖቮሜይስኪ ሥራ በሙሉ በዚህች ነገር ላይ የቆመ ነው። የተራው ውቅያኖስ ውኃ አንድ ኪሎው ወደ 35 ግራም ጨው አለው። የሙት ባሕር ግን አንድ ኪሎው ሲሶ ያህሉ ጨው ነው። ያም የወጥ ጨው ብቻ አይደለም። የማግኒዚየም ጨው አለ፣ የካልሲየም አለ፣ የፖታሲየም አለ፣ ብሮሚንም አለ። እሱ አጥብቆ የፈለገው ፖታሲየሙን ነበር። ፖታሲየምን በዕብራይስጥ አሽልጋን፣ ከእሱ የሚሠራውን ማዳበሪያ አሽላግ ይሉታል፤ በሌላው ዓለም ፖታሽ ነው። እናቶቻችን ምድጃ ጠርገው አመዱን ጓሮ ሲደፉ ዱባውና ጎመኑ እንዴት ይፋፋ እንደነበር ታውቃላችሁ። አመድ ውስጥ ፖታሽ አለ። ፈረንጆቹም ስሙን ያወጡት በድስት ከሚቀቀል አመድ ነው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት የዓለምን ፖታሽ ከሞላ ጎደል በእጇ የያዘችው ጀርመን ነበረች። ጦርነቱ ሲመጣ ሌላው አገር ማዳበሪያ አጣ። ስለዚህ የሙት ባሕር ፖታሽ ለብዙ አገር እርሻ የሚያስፈልግ ነገር ሆነ።

ነገር ግን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ፈቃድ ማግኘት ሌላ ነገር ነው። ከቱርክ በኋላ አገሩን የያዘው እንግሊዝ ነው። ኖቮሜይስኪ በባሕሩ ሰሜን ዳርቻ የመሞከሪያ ቦታ አበጀ። በዚያ ሙቀት በትንንሽ ኩሬ ውኃ እያስተኛ፣ እየመዘነ፣ እየጻፈ ተቀመጠ። ፈቃዱን ለማግኘት ዓመት በዓመት ላይ ተጨመረ። ሌሎች ተወዳዳሪዎች ተነሡ። ለንደን ላይ በምክር ቤቱ ሳይቀር ክርክር ተነሣ። ይህን ያህል ሀብት ለዚህ ሰው ይሰጥ ወይስ አይሰጥ ተባባሉ። እሱ ቱሎክ ከሚባል የእንግሊዝ ሻለቃ ጋር ተሻርኮ፣ ገንዘብ ከየቦታው ለምኖ፣ ሳይታክት ተመላለሰ። ፈቃዱ የተፈረመው በጃንዋሪ 1 ቀን 1930 ነው። ባሕሩን መጀመሪያ ካየ 19 ዓመት፣ አገር ከገባ ዐሥር ዓመት ሊሞላው ነው። ዕድሜው 56 ሆኖ ነበር።

ጎንደር ላይ ፈቃድ ስንጠብቅ የኖርን ሰዎች ይህን ስንሰማ ዝም ብለን አናልፈውም። እኔ ስጠብቅ ብዙ ቀን ተቀምጬ ከማዘን በቀር ምንም አልሠራሁም። እሱ ግን ሲጠብቅ ኩሬውን ይለካ ነበር። ፈቃዱ ሲመጣ ዝግጁ ሆኖ አገኘው። ይህ ነገር ከልቤ ገብቷል፤ ለአሁኑም የዕብራይስጥ ትምህርት ይሆነኛል።

በፈቃዱ መሠረት የፍልስጤም ፖታሽ ኩባንያ የሚባል ተቋቋመ። በባሕሩ ሰሜን፣ ካልያ በሚባለው ቦታ አጠገብ የመጀመሪያው ፋብሪካ በ1931 ሥራ ጀመረ። አሠራሩን ዘመዴ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። የባሕሩ ውኃ በቱቦ ተስቦ ወደ ሰፋፊ ኩሬዎች ይገባል። ኩሬው ጥልቀት የለውም፤ የሚሰፋው ወደ ጎን ነው። ፀሐይ ውኃውን ታተናለች። ሁሉም ጨው ባንድ ጊዜ አይወርድም፤ ተራ አለው። መጀመሪያ ከታች የሚዘቅጠው የወጥ ጨው ነው። የቀረውን ውኃ ወደ ሌላ ኩሬ ያሻግሩታል። እዚያ ደግሞ ካርናላይት የሚባል ይዘቅጣል። ይህ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ከክሎሪን ጋር ተያይዘው፣ ውኃም በውስጣቸው ይዘው የሚቀመጡበት ድርብ ጨው ነው። ካርናላይቱን ሰብስበው በልክ ውኃ ሲያጥቡት ማግኒዚየሙ ሟሙቶ ይሄዳል፤ ፖታሹ ይቀራል። ከሱ ጋር የቀረውን የወጥ ጨው በሌላ ዘዴ ይለዩታል። ልክ ጠላ ሲጠመቅ አተላውና ጠላው እንደሚለያይ ነው፤ ሁሉም ጊዜውን ጠብቆ።

ብሮሚኑ ግን በፀሐይ ብቻ አይወጣም። እሱን ለማውጣት እውነተኛ ኬሚካዊ ለውጥ ያስፈልጋል። ፖታሹ ከወጣለት በኋላ በቀረው ወፍራም ውኃ ውስጥ ብሮሚን ኤሌክትሮን ይዞ፣ ማይነስ ሆኖ ተቀምጧል። በውኃው ውስጥ የክሎሪን ጋዝ ይለቁበታል። ክሎሪን ከብሮሚን ይልቅ ለኤሌክትሮን ይስገበገባልና ከብሮሚን ይነጥቀዋል። ንብረቱን የተነጠቀው ብሮሚን ሁለት ሁለት እየሆነ በመቀናጆ ይያያዝና ቀይ ቡናማ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ይህን በፈተና ላይ የመተካት ለውጥ ይሉታል፤ ጉልበተኛው የደካማውን ቦታ ይዟልና። ልጄ የወደቀበት ጥያቄ ይኸው ነበር።

በዚያ ፋብሪካ ይሁዲውና ዓረቡ አንድ ላይ ሠርተዋል። ጊዜው በአገሩ ብዙ ደም የፈሰሰበት ነበር፤ ኖቮሜይስኪ ግን ከጎረቤቶቹ ጋር በሰላም ለመኖር ብዙ የደከመ ሰው ነው። ቀጥሎ በ1930ዎቹ አጋማሽ በባሕሩ ደቡብ፣ በስዶም ተራራ አጠገብ ሁለተኛ ፋብሪካ ተሠራ። ያን ጊዜ ወደ ስዶም ደህና መንገድ እንኳ አልነበረም። ሠራተኛውም ዕቃውም በጀልባ በባሕሩ ላይ ነበር የሚመላለሰው። የስዶም በጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የሚጠጣ ውኃ በአጠገብ የለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ከሚያስፈልጋት ፖታሽ ግማሽ ያህሉን የሰጣት ይህ የሙት ባሕር ፋብሪካ ነው።

ከዚያ 1948 መጣ። መንግሥት ሲቆም ጦርነት ተነሣ። የሰሜኑ ፋብሪካ ከዮርዳኖስ ጦር በኩል ነበር። ኖቮሜይስኪ በዕድሜው 74 ሆኖ ቦታው ከውጊያ ነፃ ሆኖ እንዲቆይ ከዮርዳኖስ ሰዎች ጋር ተደራደረ፤ አልሆነም። በሜይ ወር ሰዎቹ ሁሉ ቦታውን ለቀው በጀልባ ወደ ስዶም ወረዱ። ወደ ሃያ ዓመት የተደከመበት ፋብሪካ ፈረሰ፣ ተዘረፈ። የስዶሙም ለወራት ከሌላው አገር ተቆርጦ ከቆየ በኋላ ነው መንገድ የተከፈተለት።

ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት ሥራውን ተረከበ። በ1952 የሙት ባሕር ፋብሪካዎች የሚባለው የመንግሥት ድርጅት ተቋቋመ። በ1953 ከቤርሼባ ወደ ስዶም የሚወስደው መንገድ ተከፈተ። ሥራው ግን ከእንግዲህ በኖቮሜይስኪ እጅ አልነበረም። የሠራውን ነገር ሌላ ሲመራው ማየት ለሽማግሌ ሰው ከባድ ነው። እሱ ተቀምጦ የሕይወቱን ታሪክ በሁለት መጽሐፍ ጻፈ። አንዱ ስለ ሳይቤሪያ ኑሮው ነው። ሁለተኛው በ1958 የወጣው፣ ለፈቃዱ ስለታገለው ትግል የሚናገረው ነው፤ ስሙንም ለጨው የተሰጠ ብሎታል። ኖቮሜይስኪ በ1961 በ87 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ እኛ እዚህ ቤርሼባ ተቀምጠን ከዚህ ሰው ሥራ ጋር በየቀኑ እንተላለፋለን። የፋብሪካው ዋና ጽሕፈት ቤት የፖታሽ ቤት ተብሎ በዚህ በከተማችን ሲሠራ ኖሯል። ከስዶም ፖታሹ 18 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ተሸካሚ ቀበቶ ሽቅብ ተራራውን ይወጣና ከላይ ባቡር ላይ ይጫናል። ያ የዕቃ ባቡር በቤርሼባ በኩል አድርጎ ወደ አሽዶድ ወደብ ይወርዳል። ሌሊት ባቡር ሲያልፍ ስሰማ ድሮ እንቅልፌን ነሣኝ እል ነበር። አሁን አሞሌው አለፈ እላለሁ።

እውነቱን ሁሉ ለመናገር፣ ሥራው ጉዳትም አለው። የሙት ባሕር ዛሬ በየዓመቱ ከአንድ ሜትር በላይ እየወረደ ነው። ዋናው ምክንያት ወደ ባሕሩ ይገባ የነበረው የዮርዳኖስ ወንዝ ውኃ ከላይ በየአገሩ ለመጠጥና ለመስኖ መወሰዱ ነው። የፋብሪካዎቹም ኩሬዎች ውኃ ማትነናቸው አንዱ ምክንያት ነው። ባሕሩ ሲሸሽ በዳርቻው መሬቱ ጎድጓድ እየሆነ ይደረመሳል። ዛሬ ኪምያ የሚማሩ ልጆች ይህንንም የሚያስቡበት ይሆናል። አንዱ የጀመረውን ሌላው ማረም አለበት።

ሌላም ነገር አስቤያለሁ። በእኛው አገር በዳሎልም ከአሞሌው ሌላ ፖታሽ አለ። ያው ካርናላይት የሚባለው እዚያም ከምድር በታች ተኝቷል። ጣሊያኖች ካንድ መቶ ዓመት በፊት ቆፍረው ወስደውለታል። ባላገሩ ግን እስካሁን ጨውን በመጥረቢያ ይጠርባል፣ በግመል ይጭናል። እኔ በልጅነቴ አሞሌ ስልስ ይህ ሁሉ ነገር ከምላሴ ሥር እንዳለ ማን ነገረኝ?

አሁን ወደ ልጄ ልመለስና ልጨርስ። ሁለታችን በረንዳ ላይ ትንሽ ሙከራ አደረግን። በሰፊ ዝርግ ሳህን የሞቀ ውኃ አድርገን፣ ጨው እስኪያቅተው ድረስ አሟሟንበት። ከዚያ ፀሐይ ላይ አስቀመጥነው። የቤርሼባ ፀሐይ ታውቁት የለ! በጥቂት ቀን ውኃው አለቀና ከታች ፍሬ ፍሬ ሆኖ ቀረ። አጉልቶ በሚያሳይ መስተዋት ስናየው ፍሬው ሁሉ አራት ማዕዘን ነው፤ እንደ ተጠረበ አሞሌ። ልጄ፣ ሶዲየሙና ክሎሪኑ በረድፍ ስለሚደረደሩ ነው ቅርጹ እንዲህ የሆነው ብሎ አስረዳኝ። እኔ ተማሪ፣ እሱ አስተማሪ ሆንን። እናቱ ደግሞ ሳህኔን መልሱልኝ ትላለች።

ሁለተኛው ፈተና ሲመጣ ልጄ አለፈ። ትልቅ ነጥብ አይደለም፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ከማለፊያው ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ግን ኪምያውን አልተወም። ወረቀቱንም ቦርሳው ሥር አልደበቀውም፤ አምጥቶ በእጄ ሰጠኝ። እኔ ፊደሉን ገና አንብቤ አልጨርስም፤ ክሎር የምትለዋን ቃል ግን ራሴ አነበብኳት።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ አልተማርኩምና ለልጄ ምን እነግረዋለሁ ብላችሁ አትሽሹ። ማረስ፣ መጥመቅ፣ ብረት ማቅለጥ፣ ሸክላ መሥራት የምታውቁ ሁሉ ሳታውቁት ኪምያ ታውቃላችሁ። ልጁ ስሙን ያምጣ፣ እናንተ ነገሩን አምጡ። ማክሰኞ ማታ ልጆቹ በመርከዙ ክበብ አብረው ሲያጠኑ እኔም ከጥግ ተቀምጬ እሰማለሁ። ከእናንተም የቻለ ይምጣ፤ ቡናውን እኛ እናፈላለን።

ላጠፋሁት ይቅርታ፤ ለዛሬ በዚህ ላብቃ። ቸር ይግጠመን።